የማጣሪያው እጣቢ

ልጄ የዓሣ ኩሬውን ማጣሪያ ባጠበ ቁጥር ከበርሜሉ ሥር የሚወጣው ጥቁር ውሃ፣ ያ የደለልና የዓሣ ልጋግ ሽታ፣ አፍንጫዬን ይዞ ከአባቴ ጉድጓድ ዳር ያቆመኛል። ወረታ ባለው ግቢያችን አልጋ ለሚከራዩ እንግዶች ማማሪያ ይሁን ብሎ ነው ልጄ ቀያዮቹን ዓሦች ያመጣው፤ ሞተሩ ውሃውን ከኩሬው እየሳበ ወደ በርሜሉ ይልካል፣ ውሃውም በስፖንጅ፣ በጠጠርና በከሰል አልፎ ጠርቶ በቱቦ ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ ዓሦቹ እንደ ጫጩት አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው እኛን ይከሳሉ።

አባቴ ሞተር አልነበረውም። የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ካለበሰ በኋላ፣ ውሃው ሲሸሽ ዓሣው እንዲቀርለት በማሳችን ዳር ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። በመግቢያው ቦይ ደለሉን የሚያስቀር ድንጋይና ጭድ ይደረድራል፤ በመውጫው አምባዛው እንዳያመልጥ ሸምበቆ ያጥራል። ጭዱን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ስታገል አምባዛ በእግሮቼ መሀል ሲሾልክ እጮሃለሁ፣ አባቴ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ያን ዓመት ዓሣው እንደተሸጠ ወረታ ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን በዋልንበት የንግሥ ቀን፣ ከበታቻችን የሚያርሰው አያ ደሴ የጉድጓዳችንን ግድብ በራሱ በኩል ቆርጦ ውሃውንም ዓሣውንም ወደ ራሱ ጉድጓድ አወረደው። ሽማግሌ ፊት ሲቆም አልካደም። «ውሃ የእግዜር ነው፤ እኔ ወዲህ ና ብዬ አልጠራሁትም» አለ። ሽማግሎቹ ዘመዶቹ ነበሩ፤ ስቀው ተነሡ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ አልቆፈረም። በዚያ ዓሣ ዋጋ ትምህርት ቤት የገባችው የአያ ደሴ ልጅ ውባለም ናት፤ እኔ ዳዊት ከሚያስደግሙን የኔታ ዘንድ የለቀምኩትን ፊደል ይዤ ቀረሁ።

ያቺው ውባለም ዛሬ ወረታ ላይ ከአጥሬ በታች ትኖራለች። የማጣሪያችን እጣቢ ወደ ግቢዋ እየወረደ ጎመኗ ጃንጥላ አክሎ ነበር፣ ለሰው ሁሉ «እጄ በረከት አለው» ትላለች። ዘንድሮ በጋ ሲገባ ልጄን የእጣቢውን ቱቦ ወደ ፓፓያዬ አዙረው አልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ አጥሩ ላይ መጣች።

«አንቺ አዛለች፣ ምነው ውሃውን ከለከልሽኝ? ጎመኔ እኮ ጠወለገ!»

«እኔ ምን አደረግሁ? ውሃ የእግዜር ነው፤ ወዲህ ና ብዬ አልጠራሁትም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። የአባቷን ቃል አወቀችው።

«አባቴን ከመቃብሩ ትቀሰቅሺዋለሽ?»

«ይነሣና ጎመንሽን ይየው!»

ልጄ «እማዬ፣ የአባቷ ጥፋት እሷን ምን አገባት?» ይለኛል። ግድቡን የቆረጠው አባቷ ነው፤ ደብተሩን ይዛ የሄደችው ግን እሷ ናት፣ አንድ ቀንም «ያንቺ ነበር» ብላኝ አታውቅም። ይህን ካለችኝ ቱቦውን ራሴ እመልሳለሁ። እስካሁን አላለችም።

ባለፈው ወደ ማሳችን ወርጄ ነበር። ሜዳው ሁሉ ሩዝ ሆኗል፤ ጉድጓዱ የነበረበትን ቦታ በእግሬ እየዳበስኩ ፈልጌ አጣሁት። ፓፓያዬ ዘንድሮ ጎንበስ እስኪል አፍርቷል፣ ስቆርጠው ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን በርሜሉ በታጠበ ቁጥር ጆሮዬን አቀናለሁ፤ ሽታው ይመጣል፣ የአባቴ ሳቅ አይመጣም።