የቁርጡባ ሻማ

ሱቄን እንኳን አልዘጋሁም ነበር። ከተክለ ሃይማኖት ትንሽ ከፍ ብሎ መጋረጃ እሸጣለሁ፤ ያን ቀን ጠዋት ለአንዲት ሴትዮ የሳሎን መጋረጃ እየለካሁ ሳለ ሁለት ሰዎች ገቡና "አንዴ ትፈለጋለህ" አሉኝ። መለኪያ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የሄድኩት። በዚያ ሳምንት መርካቶ ውስጥ አፈሳ ነበር። መስጊድ በር ላይ የተነሳ አንድ ፎቶ ውስጥ ታይቼ ኖሯል፤ ፎቶውን በኋላ አሳዩኝ፣ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።

የገባሁበት ክፍል አራት በአምስት ሜትር ቢሆን ነው። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ገና በሩ ላይ ቆሜ በዓይኔ ለካሁት። ሃያ ስድስት ሰው ነበርን። ከላይ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ ሽታው የላብና የሽንት ነው፣ በዚያ ላይ የበርበሬ። በርበሬው የሚመጣው ጥግ ላይ ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢ ነበር። በርበሬ በረንዳ ዕድሜ ልካቸውን ቅመም የሸጡ ሰው ናቸው፣ ሐጂ ይሏቸዋል። አጠገባቸው የተኛ ሁሉ ሲያስነጥስ ያድራል፤ እኔን ደግሞ አጠገባቸው አስተኙኝ።

በእስር ቤት አዲስ ገቢ "ሻማ" ይከፍላል፤ ለሳሙና ለምናምን የሚዋጣ ነገር ነው። የእኛ ክፍል አለቃ ወይም ካቦ ግን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሚኒባስ ይነዳ የነበረ፣ አንገቱ ላይ ወፍራም ማተብ ያለው ወሬ ወዳድ ሰው ነበር። ሻማውን በብር አይቀበልም። የምታውቀውን ነገር ለክፍሉ ታወራለህ፣ በቃ፣ ከፈልክ።

"አንተስ ምን ታውቃለህ?" አለኝ።

"መጋረጃ ነው የምሸጠው።"

"እሱን ተወው። ምን ታውቃለህ?"

"ምንም።"

"ምንም የማያውቅ ሰው በፖለቲካ ያዙ በለኛ!" ሰዉ ሳቀ። "ይሁን፣ ሻማህ ይቆይልህ።" ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "መጋረጃው" ሆነ።

ሐጂ ሻማቸውን መክፈል ከጀመሩ ሳምንት አልፏቸው ነበር፤ ወሬያቸው አላለቀም። ሐጅ በሄዱ ጊዜ አንድ ወፍራም የዓረብኛ መጽሐፍ ገዝተው ኖሮ፣ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር በጆንያዎቹ መሀል ቁጭ ብለው ሲያነቡት ነው የኖሩት። መጽሐፉ ስለ አንደሉስ ነው፤ ዛሬ ስፔን የምንለውን አገር ሙስሊሞች ይገዙ ስለነበረበት ዘመን። በየቀኑ ከአስር ሶላት በኋላ፣ የመስኮቷ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሲወድቅ ይጀምራሉ። ቁርጡባ ስለሚሉት ስለ ኮርዶባ ሲያወሩ መንገዱ ፋኖስ እንደነበረው፣ ውሃው ከተራራ በቦይ እንደሚመጣ፣ ብርቱካኑና ሩዙ ከምሥራቅ እንደሄደላቸው የትናንትና ያህል ይነግሩናል። ጣታቸውን ውሃ ነክረው የመስጊዱን ቅስቶች ሲሚንቶው ላይ ይስሉልናል። አንዱን ስለው ወደ ሌላው ሲያልፉ የመጀመሪያው ይደርቃል።

"ሐጂ፣ ክርስቲያን አልነበረም እዚያ?" አለ ካቦው አንድ ቀን።

"ነበር እንጂ፣ አይሁዱም ነበር። ግብር ይከፍላሉ፤ እኩል ነበሩ ብዬ አልዋሽህም። ግን የከሊፋው ሐኪም አይሁድ ነበር። ጡለይጡላ በምትባል ከተማ ደግሞ፣ ክርስቲያኖች ከያዟት በኋላ እንኳ፣ ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ከበው መጽሐፍ ይተረጉሙ ነበር።"

"ታዲያ ይሄን የመሰለ አገር ማን አጠፋው?"

"መጀመሪያ እርስ በርሳቸው" አሉ ሐጂ። "ሌላው በኋላ ነው የመጣው።"

እኔ የመርካቶ ሰው ነኝ። የመርካቶ ሰው የሰማውን ካርቶን ላይ ካልጫረ ዕረፍት የለውም፤ የደንበኛውን ልክ፣ የጨርቁን ቀለም፣ ሁሉን ነገር ካርቶን ቀዶ ይጽፋል። የሐጂን ከተሞች ለባለቤቴ እነግራታለሁ ብዬ በአንድ ጉማጅ እርሳስ የሲጋራ ፓኮ ላይ ጻፍኳቸው፦ ቁርጡባ፣ ኢሽቢሊያ፣ ጡለይጡላ፣ ገርናጣ። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ሐጂ የነገሩንን ዓመት አስቀመጥኩ። በአሥረኛው ቀን ፍተሻ መጣና ካርቶኑን ኪሴ ውስጥ አገኙት።

መርማሪው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነበር። አልመታኝም። መታኝ ብል ደስ ባለኝ፤ ይህን ታሪክ ማውራት ይቀለኝ ነበር። ሻይ ነው ያዘዘልኝ፣ ስኳሩ በዛ ያለ ሻይ።

"ቁርጡባ ማነው?"

"ሰው አይደለም፣ ከተማ ነው። ስፔን ውስጥ።"

"ኢሽቢሊያስ?"

"እሱም ከተማ ነው።"

"አንተ መጋረጃ ሻጭ፣ ከስፔን ምን አለህ?"

የስፔን ኳስ እወዳለሁ ብል ያልፈኝ ነበር። አገሩ ሁሉ የስፔን ኳስ ነው የሚያየው። ዛሬም ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ይህችን መልስ ለራሴ እመልሳታለሁ። ያኔ ግን አልመጣችልኝም። ደግሞ ብትመጣልኝም የምላት አይመስለኝም፤ ቤቴ መሄድ ፈልጌ ነበር።

"ማን ነው ያጻፈህ?"

"ሐጂ ናቸው።"

"ስለ ምንድን ነው የሚያወሩት?"

"ስለ እስልምና መንግሥት።"

ብዕሩን አነሳ። "ሰዉ ይሰማቸዋል?"

"ሁሉም ይሰማል።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ። ከአስር በኋላ።"

አንድም የዋሸሁት ነገር የለም። መንግሥቱ ከወደቀ ስንት መቶ ዓመት እንዳለፈው አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ስለ አይሁዱ ሐኪምም፣ አብረው ስለተቀመጡት ተርጓሚዎችም አልተናገርኩም። ጽፎ ሲጨርስ አነበበልኝ፣ ያልኩትን ብቻ ነው የጻፈው። "ፈርም፣ ነገ ትወጣለህ" አለኝ። ፈረምኩ፤ ከዚያ ደግሞ የተረፈውን ሻይ ጠጣሁ። ፊርማው የፍርሃት ነው ልል እችላለሁ፣ የሻይዋን ግን ምን እንደምላት እስካሁን አላውቅም።

ክፍል ስመለስ የአስር ሶላት ደርሷል። ሐጂ ውዱእ ሲያደርጉ በባዶ ሃይላንድ ውሃ የማፈስላቸው እኔ ነበርኩ። እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"መቱህ እንዴ ልጄ?"

"አልመቱኝም። ሻይ ሰጡኝ።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ። ከልባቸው ደስ አላቸው። ግማሹን ውሃ መሬት ደፋሁት፤ እሳቸው የመታሰር ድካም መስሏቸው ክንዴን ደገፍ አደረጉኝ። የምገባበት አጣሁ።

ያን ዕለት የደረሱት መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ስለሆነው ነው። ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ፣ መታጠቢያ ቤቱ ተዘጋ። ዓርብ ዕለት ገላውን የታጠበ ሰው ይጠረጠራል። በረመዳን ቀን ከቤቱ ጭስ ያልወጣም ይጠረጠራል።

"ቤት ውስጥ መታጠቡን ማን አየው?" አለ ካቦው።

"ጎረቤት።"

"እሳት ተጫጭሮ የኖረ ጎረቤት?"

"ጎረቤትም ይፈራል። እሱም ልጆች አሉት።"

"ሄዶ ምን ይላል ታዲያ?"

"ያየውን ነዋ። ታጥቧል፣ ይላል። መታጠቡ እውነት ነው።"

አያውቁም ነበር። ሊያውቁ አይችሉም፤ ወረቀቱ ላይ ከፈረምኩ አንድ ሰዓት አልሞላም። እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝና የጋቢያቸውን ጥለት ስቆጥር ቆየሁ። "ነገ ደግሞ የቁልፎቹን ነገር እነግራችኋለሁ" ብለው አቆሙ።

በነጋታው ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ። "ሐጂ፣ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ!"

ዕቃ ይዞ መውጣት መፈታት ነው ብሎ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። የሚፈታ ሰው በጭብጨባ ነው የሚሸኘው። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለማንም ነግሬ የማላውቀው ይቺን ነው። ሐጂ እየዞሩ ሁሉንም ተሰናበቱና ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ለካቦው ሰጡት። "ለመጋረጃው ስጠው፣ እሱ ብርድ አይችልም" አሉ።

አንዱ ልጅ በሌላው ትከሻ ላይ ወጥቶ በመስኮቷ ተመለከተ። "ካቴና አስገቡላቸው" አለ። "ፒካፕ ላይ እየጫኗቸው ነው።" ጭብጨባው እዚያው ሞተ።

ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወደቀ፤ የሚያወራ አልነበረም። ካቦው ክፍሉን ለማነቃቃት ያህል "እስቲ ሻማ ያልከፈለ ማነው?" አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዝም ብል፣ ስለ ጨርቅ ዓይነት የሆነ ነገር ቀባጥሬ ብቀመጥ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ተነሳሁ። ጋቢው ትከሻዬ ላይ ነበር።

"እኔ ነኝ የተናገርኩባቸው" አልኩ። ካርቶኑን፣ ሻይዋን፣ ጥያቄና መልሱን አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ካቦው ማተቡን ሲያፍተለትል ቆየ። "ጨርሰሃል?"

"ጨርሻለሁ።"

"ሻማህ ተከፍሏል። ተቀመጥ።"

ማንም እጁን አላነሳብኝም። ካቦው ጋቢውን ከትከሻዬ አንስቶ አጣጥፎ ሐጂ ይቀመጡበት የነበረው ጥግ ላይ አኖረው። "ነገ" የተባልኩት ዘጠኝ ቀን ሆነ፤ ዘጠኙንም ቀን ያን ጥግ የነካው ሰው የለም። ስፈታ ጭብጨባ አልነበረም። ካቦው ብቻ ጋቢውን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ፤ "አንተው አድርስላቸው" አለኝ።

ሐጂ ሰባት ወር ታስረው ተፈቱ። እኔ ጋቢውን ለማድረስ ሌላ አራት ወር ፈጀሁ። ከሱቄ በርበሬ በረንዳ በእግር የሚደረስበት ነው፤ ስንት ጊዜ ከመንገድ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ገባሁ። በጆንያዎቹ መሀል ተቀምጠው ነበር፤ ከስተዋል፣ መነጽር ጨምረዋል።

"ሐጂ፣ ያኔ የተናገርኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ቃልህን ምርመራ ላይ አንብበውልኛል።"

ፌስታሉን ዘረጋሁላቸው። ጋቢውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ "የቁልፎቹን ነገር ነገርኳችሁ እንዴ?" አሉኝ።

"አልነገሩንም።"

"ተቀመጥ እስቲ።" ከአገራቸው የተባረሩት ሰዎች የቤታቸውን ቁልፍ ይዘው እንደወጡ፣ ባሕር ማዶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ለልጆቻቸው፣ ልጆቻቸውም ለልጆቻቸው እንዳስረከቡ ይወራል፤ ይህን ነገሩኝ። ሲጨርሱ የአስር አዛን ተሰማ። ከበርሜሉ ውሃ በጣሳ ቀዱና ጣሳውን አስይዘውኝ እጃቸውን ዘረጉ። አፈሰስኩላቸው። ያን ጊዜም ግማሹን መሬት ደፋሁት።

ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አላሉም። አንዳንዴ ዓርብ ዓርብ ብቅ እላለሁ፣ እንደገባሁ ያስነጥሰኛል፣ እሳቸው ይስቃሉ። ያ ወረቀት ግን አሁንም አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ይኖራል። ከፊርማዬ በላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው።