ከመርከቡ ጉዞ በፊት ዋጃ ደርሼ መጣሁ

ይህ የሆነው ሚሌኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት ነው። ልጄ ተርፋልኛለች፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ልጄ ለምለም አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ቆቦ ውስጥ ሱቅ ተቀጥራ ነበር። ከውጭ አገር መጣሁ የሚል ሰው እዚያው ተዋወቃትና ላግባት አለ። የቸኮለው ግን ለሠርጉ ሳይሆን ለመርከብ ሽርሽር ነበር። የትልቅ ነጭ መርከብ ሥዕል ያለበት ወረቀት ቤቴ አምጥቶ ዘረጋልን። ከጅቡቲ ተሳፍረው አንድ ሳምንት ባሕር ላይ ይቆያሉ፣ ሞቃት ደሴት ላይ ያርፋሉ፣ ሲመለሱ ይጋባሉ። ኮፍያ፣ የዋና ልብስ፣ ነጠላ ጫማ እያለ የምትይዘውን ጻፈላት። ፓስፖርቷንም ለትኬቱ ብሎ ወሰደ።

«ዘመዶችህስ?» አልኩት።

«አያቴ የዋጃ ሰው ነበሩ። አሁን ሁሉም አልቀዋል፣ እማማ።»

በእኛ አገር ልጅ ከመዳሩ በፊት እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል። ቁጠርልኝ ስለው ሦስት ስም ጠርቶ ሳቀ።

ለምለም ተቆጣች። «እማ፣ አንቺ ጎብዬ ገበያ እንኳ ይርቅሽ የለ! መርከብ የሚሳፈሩት በዘር ነው እንዴ?»

መሄጃቸው አራት ቀን ሲቀረው ለማንም ሳልናገር ዋጃ ሄድኩ። የአገሩን ትውልድ የሚያውቁ ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ ብለው ወሰዱኝ። ሦስቱን ስም ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ እንዲህ የሚባል ቤት ዋጃ የለም» አሉኝ። «ዓምናም አንዲት እናት እነዚህኑ ስሞች ይዛ መጥታ ነበር።»

«ምን ብለው መለሱላት?»

«ለአንቺ ያልኩሽኑ ነው ያልኳት። እሷ ግን የመጣችው ልጇ ከሄደች በኋላ ነው። አላህ ይድረስላት።»

እንዴት አድርጌ አውቶቡስ ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። ቤት ስደርስ ሰውየው ከልጄ ጋር ምሳ ይበላል። እንደምንም ፈገግ አልኩ።

«ደስ ይበልህ፣ ዋጃ ደርሼ መጣሁ። አያትህን የሚያውቁ ሽማግሌ አግኝቻለሁ። ነገ መጥተው ዘርህን ራሳቸው ይቆጥሩልናል።»

የጠቀለለው እንጀራ እጁ ላይ ቀረ። አየኝ፤ እኔም አየሁት። «እሰይ፣ ጥሩ ነው» አለ በቀስታ። ስልክ ልደውል ብሎ ወጣ፤ በዚያው አልተመለሰም። የልጄ ፓስፖርትም እሱው ጋ ቀረ።

ለምለም «ሕይወቴን አበላሸሽው» ብላ ለወራት አላናገረችኝም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ጉዞው ተራዝሟል እላለሁ። የልጄ ስም እንዳይጠፋ ብዬ ለፖሊስም ለሽማግሌም ትንፍሽ አላልኩም።

ዓመት ሳይሞላ ሮቢት ገበያ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ በደስታ ታወራለች። ልጇን እጮኛዋ በመርከብ ወደ ደሴት ወስዷታል።

«እስካሁን አልደወለችም። ባሕር ላይ ኔትወርክ የለም አሉ» አለች።

እንድነግራት አፌን ከፈትኩ። ሰው ዙሪያችንን ከቦ ነበር። ዘንቢሌን አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የሰውየው ነገር ውሎ አድሮ ተሰማ። ዛሬ ለምለም አግብታ ወልዳለች። «እማ፣ አንቺ ባትኖሪልኝ!» ትለኛለች። ዘመድ አዝማዱም ብልህ እናት ይለኛል። ስመሰገን ግን አንገቴን እደፋለሁ። የልጄን ስም የጠበቅሁት በዚያች በሮቢቷ ሴት ልጅ ሕይወት ነው።