የቁም መርዶ

ሰፈራችን ላፍቶ ነው። እዚያ ሰፈር አምስት ሴቶች ገና አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ላይ መጥተው በር ካንኳኩ፣ ለሰላምታ እንዳልመጡ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ በተለይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሆነ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በሌሊትም አይነገርም። ጎረቤት ቢሰማም አፉን ይዞ ያድራል፤ ባለ ሐዘኑ ያቺን አንድ ሌሊት እንኳ ይተኛ ተብሎ።

ያን ቅዳሜ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አምስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ የእድራችን ሴቶች ናቸው። «ደህና አደርሽ» ያለኝ የለም። መጀመሪያ በሐሳቤ የመጡብኝ ገጠር ታመው የተኙት አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ነበሩ። ከመካከላቸው ትይዩ ቤት ያሉት ቀጭኗ ጎረቤታችን ግን እጄን ያዙና «ወንድምሽን ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ወንድሜ ዝነኛ ነው። ስልክ ላይ በሚለቃቸው አጫጭር ቀልዶች አገር ያውቀዋል። ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እሱ ከታወቀ ወዲህ እኔ ስም የለኝም፤ የማስተምራቸው ልጆች ሳይቀሩ «የእሱ እህት» ነው የሚሉኝ። ቀልዶቹን አልወዳቸውም። ከሁሉ የገነነለት የእናታችን አነጋገር ነው። እናቴ ዝናብ ቢመታት፣ ዘይት ቢወደድ፣ ሰው ቢያስቀይማት፣ ነገሩን የምትዘጋው «ምን ይደረግ እንግዲህ» ብላ ነው። እሱ ነጠላ ተከናንቦ ያንን ይላል፣ አገር ይስቃል። አሁን መንገድ ላይ የማያውቋት ጎረምሶች ሳይቀሩ «ምን ይደረግ እንግዲህ» እያሉ ያልፏታል። እኔ እናደዳለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

ለካ ማታ አንድ ገጽ ፎቶውን ከሻማ ጋር ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎታል። ሰፈሩ ሁሉ አይቶት አድሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ዳታዬን አጥፍቼ የፈተና ወረቀት ሳርም አምሽቼ ተኝቻለሁ። ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

እናቴ ውስጥ ሆና መካኒሳ አቦ ለመሳለም ትለባብሳለች። ደም ግፊት አለባት።

«ሬሳውን ያየ ሰው አለ?» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ያየ የለም።

«እንግዲያው አትንገሯት። ቤቱ ሄጄ ልየው።»

«ከወጣች መንገድ ላይ አንዱ አፉን ይከፍትባታል» አለች ከመካከላቸው አንዷ።

ቀጭኗ ጎረቤታችን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ የልጄን ሞት ያየሁት ታክሲ ውስጥ ነው፤ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ስልክ ላይ። ፎቶውን። ወራጅ አለ ማለት አቅቶኝ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። እናትሽ እንደዚያ አትሰማም። አንቺ ሂጂ፣ እኛ እንይዛታለን።»

ከግቢው ስወጣ ዞር ብዬ አየኋቸው። ደህና ሰው ለመምሰል ነጠላቸውን እያስተካከሉ ነበር። እናቴን በዚህ ሊያታልሏት ነው እንግዲህ።

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እጁን ላነሳ ሁሉ ቆመ። ቁጭ ብዬ በእግሬ ወለሉን እደበድባለሁ። አጠገቤ ያለች ልጅ የወንድሜን ቀልድ ከፍታ ትስቃለች፣ ወዲያው ደግሞ እንባዋን ትጠርጋለች። እንደገና ከፈተችው። «ምን ይደረግ እንግዲህ» ይላል ወንድሜ በእናቴ ድምፅ። ለሦስተኛ ጊዜ ደገመችው። እኔ እህቱ አንድ እንባ አልወጣኝም፣ እሷ ታለቅሳለች። ስልኳን ቀምቼ በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ። ቆይቶ አፈርኩ፤ ምናልባት ከልቧ ትወደው ይሆናል።

ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በሩጫ ወጥቼ በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

ራሱ ከፈተልኝ። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ከኋላው የመቅረጫው ክብ መብራት ቦግ ብሎ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መብራቱን በደንብ ሳየው ግን ለቀቅኩትና በቦርሳዬ መታሁት።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ስሚኝ» አለ። «እኔ አይደለሁም የለጠፍኩት። ማታ ሳየው እኔም ደንግጫለሁ። ግን ሰዉ ወደ ገጼ እንዴት እየጎረፈ እንደሆነ ብታይ! ሦስት ሰዓት ላይ ላይቭ ገብቼ አለሁ እላለሁ። እስከዚያ ብዬ ነው የመደወያ ስልኬን ያጠፋሁት።»

«እማዬስ?»

«እማ እኮ ባለ በተን ስልክ ነው ያላት። ከየት ታያለች?»

ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። አስቦበታል፣ ለእሷም የተጠነቀቀላት መስሎታል።

«ሴቶቹ መጥተዋል» አልኩት።

«የትኞቹ ሴቶች?»

«የእድሩ። በጠዋት።»

የላፍቶ ልጅ ነው፤ በጠዋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መብራቱን እንኳ ሳያጠፋ ደረጃውን ወረደ።

ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ አየውና «አንተ ሞተሃል አይደል እንዴ?» አለው።

እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሴቶቹ ምንም አልነገሯትም፤ መንገርም አላስፈለገም። ማልደው ገብተው «ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ይቅርብሽ» ሲሏት፣ ለመሳለም የለበሰችውን ነጠላ ራሷ አዘቅዝቃ ቁጭ አለች አሉኝ። «ወንድሜ ነው ወይስ ልጄ?» ብላ ጠይቃ፣ መልስ ስታጣ ዝም ብላለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ስንት ጊዜ ቀብራው እንደሆነ እሷና እግዜር ያውቃሉ።

«እማ፣ አለሁ» አለ በሩ ላይ ቆሞ።

«ተመስገን» አሉ ቀጭኗ ጎረቤታችን፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እናቴ አልተነሳችም። በእጇ ጠራችው፣ ሄዶ ተንበረከከ። ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አንገቱን ዳሰሰችው፤ ልጅ ሆኖ ሲያተኩሰው እንደምታደርገው። እጇ የጃኬቱ ኮሌታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ይሄን ጥቁር ለማን ነው የለበስከው?» አለችው።

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እሱም፣ እኔም፣ አምስቱ ሴቶችም «ምን ይደረግ እንግዲህ» እስክትል ጠበቅን። ላይቭ የሚገባበት ሦስት ሰዓት አለፈ። አላለችም።