የተሸላሚዋ «አቤት»

ዛሬ ጠዋት ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በአራብሳ ኮንዶሚኒየማችን መሐል ስታልፍ፣ «ነፃ ነው! ነፃ የዓይን ምርመራ! እንዳያመልጥዎ!» ትል ነበር። መስኮቱን ዘጋሁት። «ነፃ» የሚለውን ቃል በድምፅ ማጉያ ስሰማ እስከ ዛሬ ጀርባዬ ላይ ብርድ ይሄዳል።

ከአባትሽ ጋር እንዴት እንደተገናኘን በለቅሶው ሰሞን ጠይቀሽኝ ዝም አልኩሽ። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ቃል ነው። ቀስ እያልኩ ልጻፍልሽ።

ደርግ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። ትምህርት ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ አይርቅም። አውሮፕላን ሲነሳ መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አስተማሪው ቃላቸውን በአፋቸው እንደያዙ ይቆማሉ፣ እኛም ድምፁ ከጎሮ ሜዳ ወዲያ እስኪጠፋ እንጠብቃለን። አንድ ቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን የድርሰት ውድድር መኖሩን ነገሩን። አሜሪካ ነፃ የወጣችበት ሁለት መቶኛ ዓመት ሊከበር ስለሆነ አሜሪካኖቹ ለተማሪዎች ያዘጋጁት ነው፤ ርእሱም «የአሜሪካ ነፃነት ታሪክ» ነው አሉን።

ከእኔ ኋላ የምትቀመጠው ልጅ ጻፈች። ስሟን አልጽፈውም፤ ካሸነፈች ወዲህ ክፍሉ ሁሉ «ተሸላሚዋ» ይላት ነበርና እኔም እንዲያው ልበላት። ቀጭን ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የያዛት ይመስል፣ ስሟ ሲጠራ «አቤ—ት» ብላ በአፍንጫዋ ትጎትተዋለች። ከእሷ ኋላ አባትሽ ይቀመጥ ነበር። ያን ጊዜ የሰው ድምፅ በማስመሰል የሚስተካከለው አልነበረም። ዳይሬክተሩን፣ ዘበኛውን፣ ተሸላሚዋን ራሷን ሲሆን ክፍሉ በሳቅ ይሞላ ነበር።

ድርሰቷን ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆማ አነበበችልን። እነዚያ ስለ ነፃነት የጻፉት የአሜሪካ ሰዎች በቤታቸው ስንት ባሪያ እንደነበራቸው ነበር የጠየቀችው። «ያ ወረቀት ሲጻፍ ሻማውን የያዘላቸው ማን ነበር?» ትላለች። አሜሪካኖቹ ሳይቀየሙ አንደኛ አደረጓት፣ የዓለም ካርታ ያለባት ትንሽ ሉልም ሸለሟት። በዕረፍት ሰዓት ከበን አሽከረከርናት።

«ቦሌ የታለች?» አላት አባትሽ።

«ይቺውልህ፣ በጥፍሬ ሥር።»

«እንግዲያው ጥፍርሽን ታጠቢና እንያት!»

በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያለ ሳቅ ጠፋ። «ነፃ» የሚለው ቃል ጓደኛ አገኘ፤ «ነፃ እርምጃ» ተባለ። ሳይጠየቁ መግደል ማለት ነው። ድምፅ ማጉያው እርምጃ የተወሰደባቸውን ሲናገር እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ በር ይዘጋሉ። ማለዳ በጭጋጉ ውስጥ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ እያሸተትን ስንሄድ፣ አጥር ሥር የተሸፈነ ነገር ካለ ወደዚያ አናይም።

ያን ሰሞን የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ድርሰቱን ትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ አገኙት። ርእሱን ብቻ ነበር ያነበቡት። የኢምፔሪያሊስት አፍ አሏት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተሸላሚዋ አባትሽን በእጇ ጠርታ፣ ወደ እኔም ጎንበስ አለች።

«ነገ በማለዳ በላምበረት በኩል በጭነት መኪና እወጣለሁ። ደብረ ብርሃን አጎቴ አለ። ግን ጠዋት መቅረቴን ካወቁ ለኬላው ይደውላሉ።»

«ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?» አልኳት።

«ምንም። ጸልዩልኝ።»

በማግስቱ የክፍላችን ኃላፊ ስም ሲጠሩ፣ ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ በሩን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። ስሟ ላይ ደረሱና ጠሩት። ወዲያው አውሮፕላን ተነሳ። አስተማሪው እስክሪብቷቸውን አንስተው፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ ጠበቁ። እኔ «አቤት» ልልላት አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ደርቆ አልታዘዝ አለኝ። የአውሮፕላኑ ድምፅ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ያኔ ከኋላዬ ተሰማ።

«አቤ—ት።»

የራሷ ድምፅ ነበር፤ ጉንፋኑ እንኳ አልቀረም። የጠመኔው ሽታ ሳይቀር ከክፍሉ የጠፋ መሰለኝ። ማንም ዞሮ አላየም። አስተማሪው ምልክት አደረጉና ቀጣዩን ስም ጠሩ። ጠባቂው ጠመንጃውን አስተካክሎ ሄደ።

ስንወጣ አባትሽን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አስመስሎ የተናገረው እሱ መሆኑን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ ያላወቀ ሰው ቢገረፍም የሚያወጣው የለም። እስከ ቤታችን አጥር ድረስ ሸኘኝ። ለእኔ ነገሩ እዚያው አለቀ። ለሰው ነፍሱን የሚሰጥ ልጅ ነው ብዬ ወደድኩት፤ ኋላም አገባሁት።

ተሸላሚዋ ደብረ ብርሃን አልደረሰችም። መኪናውን ኬላው ላይ ያስቆመው አልነበረም። ሾፌሩ ለእናቷ ሲምልላቸው፣ ከኬላው ማዶ ዞር ብሎ ሲያይ የተቀመጠችበት ጆንያ ባዶውን ነበር አላቸው። እስከ ዛሬ ያያት የለም።

አባትሽ ሊሞት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት ፀሐይዋ አልጋው ላይ ወርዳ ሳለች፣ ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳሁት።

«ያን ቀን ‹አቤት› ስትል አልፈራህም ነበር?»

«እኔ?» አለ።

«አንተ ነህ እንጂ፣ ታዲያ ማን ነው? ከኋላዬ ነው የሰማሁት።»

«እኔ ከፊቴ ነው የሰማሁት። አንቺ መስለሽኝ ነው እኮ የተከተልኩሽ።»

በእኔና በእሱ መሐል የነበረው የእሷ ባዶ ወንበር ብቻ ነው። ሁለታችንም ወንበሩን አሰብን፤ ሁለታችንም አላነሳነውም። ውጭ ልጆች ኳስ ሲያነጥሩ ይሰማል። ዕድሜያችንን ሙሉ፣ ሁለታችንም ላላደረግነው ነገር ስንከባበር መኖራችን ነው።

«ታዲያ አሁን ትፈቺኛለሽ?» አለኝ፤ ለመሳቅ ሞክሮ ሳል ያዘው።

ጀርባውን አሻሸሁለት።

«አፌን ከፍቼ ነበር» አልኩት።

«እኔም» አለኝ።