ሚኒስትሪ ፈተና የነበረባት ልዕልት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚህ ዐረብ አገር፣ አል ሙዋይጂ የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ከሳሎን አንድ ዜማ ሰማሁ። ዋሽንት የመሰለ ነገር ይጀምረዋል፣ ከበሮ ይከተለዋል፣ ከዚያ አንዲት ሴት በዐረብኛ ትዘፍናለች። ቢላዋውን አስቀምጬ ሄድኩ። ልጄ ሶልያና ሶፋው ላይ ተጋድማ ታብሌቷን ደረቷ ላይ አቁማለች። ብርማ ፀጉር ያላት የካርቱን ልዕልት ከግንብ ጫፍ ሆና ሁለት ሠራዊት ቁልቁል ታያለች።

«የዐረብኛ ቲቸራችን እዩ ብላን ነው ማሚ። ኦልድ አኒሜ ነው፣ አይመችሽም» አለችኝ።

«ጠጋ በይ» አልኳት። ይህችን ልዕልት እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ አውቃታለሁ።

ያደግኩት ወልድያ ነው። በሰፈራችን ዲሽ የነበራት እትዬ የሺ ብቻ ነበረች፤ ዐረብ አገር ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ልጅ ያልወለደች ጎረቤታችን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጫማችንን በሯ ላይ እናወልቃለን፣ እግራችንን አይታ የቆሸሸውን ወደ ቧንቧው ትመልሳለች፣ ከዚያ አበባ የተሠራበት ቀይ ምንጣፏ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጥና ቴሌቪዥኑን የሚሸፍነውን ዳንቴል እስክታነሳ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። ፊልሙ በዐረብኛ ስለሆነ እሷ ጥጥ እየፈተለች ትተረጉምልናለች።

ታሪኩ ይህ ነበር። የጠላት አገር ንጉሥ ጦርነቱ እንዲቆም ልዕልቷን ለልጁ ይጠይቃል፤ የእሷ ልብ ግን ደጃፏን ከሚጠብቀው ወታደር ጋር ነው፤ ባለ አንድ ዓይን መነጽር አማካሪ ደግሞ ለሁለቱም ነገሥታት ወሬ ያቀብላል። እትዬ የሺ ስማቸውን መያዝ ስለማይሆንላት ልዕልቷን «የእኛዋ»፣ ወታደሩን «ያ ምስኪን»፣ አማካሪውን «መሠሪው» ትላቸው ነበር። መብራት ሲጠፋም ትርጉሙ አይቋረጥም። ጥቁር በሆነው ቴሌቪዥን ፊት ታሪኩን ትቀጥላለች፣ መሠሪውን ታስገድለዋለች፣ መብራት ሲመጣ ግን መሠሪው በሰላም ተቀምጦ ወይን ሲጠጣ እናገኘዋለን። «ተርፎ ነዋ» ትለናለች፣ እኛም እናምናለን።

ስምንተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ጠያቂዎቹ መሬትና ከብት ያላቸው የገጠር ሰዎች ነበሩ። አባዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጥሩ ቤት ያገኘልኝ መስሎታል። «እስከ እሑድ እናስብበት» ብሎ ሸኛቸው። እኔ በዚያ ዕድሜ ለአባት ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላውቅም ነበር። ሰፈሩ ግን ሁሉን ሰምቷል።

በማግስቱ አባዬ ሊጠራኝ እትዬ የሺ ቤት መጣ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ጫማዎን ግን ያውልቁ» አለችው።

የካልሲው አውራ ጣት ተቀዶ ስለነበር እግሩን ከሥሩ አጣጥፎ ከእኛ ከልጆቹ ኋላ ተቀመጠ። ልዕልቷ በአባቷ ዙፋን ፊት ቆማ ነበር። ንጉሡ ረጅም ነገር ተናገረ። እሷ አንገቷን ደፍታ አንዲት አጭር ቃል መለሰች።

«ምን አለች?» አልናት ሁላችንም።

እትዬ የሺ እንዝርቷን አስቀመጠች። «ሚኒስትሪ ሳልፈተን አላገባም፣ አለች። ካለፍኩም ዘጠነኛ ክፍል እገባለሁ። አባዬ፣ ከወደድከኝ ሽማግሌዎቹን መልስልኝ፣ አለች።»

አንዱ ልጅ ዘወር ብሎ «ልዕልትም ሚኒስትሪ ትፈተናለች እንዴ?» አላት።

«እዚያ አገርማ ይብሳል።»

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባትየውስ ምን አለ?»

«ምን ይላል ጋሼ? ንጉሥ አይደል፣ ያስብበታል።»

ንጉሡ እያለቀሰ ነበር። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባዬ «ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ መለሳቸው። ሚኒስትሪን አለፍኩ፣ ዐሥራ ሁለተኛንም ጨረስኩ። የልዕልቷን መጨረሻ ግን አላየሁም፤ የእትዬ የሺ ዲሽ በዚያው ክረምት በነፋስ ወደቀ።

ኋላ እኔም ወደዚህ አገር መጥቼ ዐረብኛ ስለምድ፣ የፊልሙ ዐረብኛ የመጽሐፍ እንጂ የወጥ ቤት እንዳልሆነ ገባኝና፣ እትዬ የሺ ግማሹን በግምት ስትነግረን እንደነበር አስቤ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ያ ዙፋን በሶልያና ታብሌት ላይ ብቅ አለ። ንጉሡ ተናገረ። ልዕልቷ አንገቷን ደፍታ «ነዓም» አለች።

ነዓም። እሺ። ዛኸር በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ለሥራ በገባሁበት ቀን መጀመሪያ የተማርኩት ቃል ነው፤ ማዳም በጠራችኝ ቁጥር የምመልሰው። ዐረብ አገር ሰው ቤት ያገለገለች ሴት ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትረሳም። የዚያ ቀን ትርጉሟ ግን ግምት አልነበረም።

«ሊድሯት ነው፣ ሶ ሳድ» አለች ሶልያና። ከዚያ ፊቴን አየችው። «ማሚ? ምን ሆንሽ?»

ነገርኳት። ስለ ሚኒስትሪው ስትሰማ ሳቀች። «ፌክ ትራንስሌሽን ነዋ።»

«አዎ» አልኳት። «አንቺም በእሱ ነው የተወለድሽው።»

መሳቋን ተወች።

እትዬ የሺን በዐሥራ ሦስት ዓመቷ እንደዳሯት የሰማሁት ለቅሶዋ ላይ ከሴቶቹ ነው። እሷ አንድ ቀን አንስታው አታውቅም። ቤቷ ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ፎቶዋ እንኳ የለኝም።

እሑድ አቡ ዳቢ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ስሟን ለጸሎት ልሰጥ አሰብኩ። ስመ ክርስትናዋን ግን አላውቀውም። ወልድያ ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ፣ እሱም አያውቅም። የነፍስ አባቷ የነበሩት ቄስ በሕይወት እንዳሉ ነገረኝ፤ ሂድና ጠይቃቸው አልኩት። እስኪሄድ ድረስ በየቀኑ እደውልለታለሁ። ስሟን ሳልይዝ መቅደስ ደጅ አልቆምም።

ከቤቷ በወጣሁ ቁጥር «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» እላት ነበር። ያኔ ያመሰገንኳት ለቴሌቪዥኑ ነበር።