ኮት የለበሰው ዘፋኝና የአባቴ ሸሚዝ

የጋለ ካውያ በእርጥብ ሸሚዝ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አንገቴን ያስደፋኛል። ባለፈው እሁድ የልጄን ሸሚዝ ስተኩስ ያው ሽታ መጣብኝና ካውያውን አቁሜ መስኮት ከፈትኩ። «ምነው እማዬ፣ አቃጠልሽው እንዴ?» ቢለኝ «ሞቆኝ ነው» አልኩት። ጅቡቲ ተወልዶ ላደገ ሰው ሞቀኝ ማለት ጥሩ ማምለጫ ነው፤ ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቅህም።

ሽታው የሚመልሰኝ ወጣት ሳለሁ ወደነበረ አንድ ቀን ነው። ያን ቀን ሸሚዙን የተኮሰው አባቴ ራሱ ነበር። የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ስለነበር ዘይት ያልነካው ልብስ የሚለብሰው ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን ለፊልም ለበሰ። የአንድ ዝነኛ ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ፊልም ተሠርቶ፣ ሲዲው ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈራችን ባለው ቪዲዮ ቤት ሊታይ ነበር። ዘፋኙ ያኔ ከሞተ ቆይቶ ነበር።

ይገርምሃል፣ ይህ ዘፋኝ ስም ሳያወጣ በፊት በባቡር ጅቡቲ መጥቶ፣ ወደቡ አጠገብ በነበረ ቡና ቤት ሲዘፍን ከርሞ ነበር። ከኋላው አኮርዲዮን ይጫወት የነበረው አባቴ ነው። ይህን ታሪክ በከተማው የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም፤ አባቴ ያልነገረው ሰው ስላልነበረ። ወሬው ሁልጊዜ የሚያልቀው አንድ ቦታ ላይ ነው። ዘፋኙ መድረክ ላይ ሊወጣ ሲል የአባቴን ትከሻ ያዝ አድርጎ «ቀስ ብለህ ጀምርልኝ» ይለው ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ይህን ስሰማ እኮራ ነበር። ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከገባሁ በኋላ ግን በጓደኞቼ ፊት ወሬውን ሲጀምር ዓይኔን የማሳርፍበት አጣ ነበር።

«የጅቡቲውን ክፍል እዩልኝ» እያለ ሰፈሩን ሁሉ ጠራ። ጸጉር አስተካካያችንን፣ ወደ የመን ለመሻገር ጀልባ የሚጠብቁትን ልጆች፣ ሶማልኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንን ሳይቀር ጠራ። እነዚህ ጎረቤቶች የዘፋኙን ዜማ ከእኛ እኩል ያውቁታል፤ የማይገባቸው ግጥሙ ነው። ለእነሱ ደግሞ አስተርጓሚ ነበረቻቸው። በራችን ላይ ጫት የምትሸጠው ሴትዮ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። የአማርኛ ፊልም በታየ ቁጥር ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ተዋናዮቹ ያሉትን ጮክ ብላ በሶማልኛ መተርጎሟ የቪዲዮ ቤቱ ልማድ ነበር።

ፊልሙ ገና ከመጀመሪያው ሰው ከፋው። የተዋናዩ ከንፈር አንድ ቦታ፣ ድምፁ ሌላ ቦታ ነው። ግማሹን ጊዜ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ አለፈ። «ዘፈኑ የት አለ?» እያለ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አባቴ ግን «ቆዩ፣ ይመጣል» ይላል።

መጣም። «ጅቡቲ» የሚል ጽሑፍ ታየና ዘፋኙ በባሕር ዳር ሲራመድ አየነው፤ የቆዳ ኮት ለብሷል። በጅቡቲ ሙቀት የቆዳ ኮት! ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አባቴም አብሮ ሳቀ። ቀጥሎ መድረኩ መጣ። ጊታር አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ ከበሮ አለ። አኮርዲዮን የለም። አባቴ አንገቱን አስግጎ ከከበሮው ጀርባ ይፈልግ ነበር። ያን አንገት መቼም አልረሳውም። ወዲያው ዘፋኙ ለሚስቱ «ጅቡቲ ብቻዬን ነበርኩ፤ አንድም ሰው አልነበረኝም» አላት።

አስተርጓሚያችን ዞር ብላ አባቴን አየችው። ከዚያ በሶማልኛ «ጅቡቲ አንድ ወንድም ነበረኝ፤ የባቡር ሠራተኛ ነው። እሱ አኮርዲዮኑን ካልጀመረልኝ አልዘፍንም ነበር» አለች።

ጎረቤቶቻችን ወደ አባቴ ዞረው አጨበጨቡ። ሐበሾቹ «ምን ተብሎ ነው የሚጨበጨበው?» ይባባላሉ። ሁለቱንም ቋንቋ የምሰማው እኔ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴም ሁለቱንም ይሰማል። ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ተክሎ የሸሚዙን እጅጌ ያስተካክል ነበር።

ውጭ ስንወጣ ጭቅጭቁ ፈላ። ጸጉር አስተካካዩ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ጅቡቲን ሳያዩ የጅቡቲን ታሪክ ይሠራሉ?» ብሎ ጮኸ። ከተሻጋሪዎቹ ልጆች አንዱ ቀስ ብሎ «ግን እኮ ሰውዬው ራሱ ብቻዬን ነበርኩ ብሏል» አለ። ከዚያ በኋላ ግማሹ ፊልሙ ዋሸ፣ ግማሹ አባቴ ዋሸ እያለ በሩ ላይ ተቧደነ። በዚያ ዘፋኝ ዘፈን አብረው ያለቀሱ ሰዎች ናቸው።

ሻይ ቤት ያለው ሶማሌ ጎረቤታችን ግን አባቴን አቅፎ «እንኳን ደስ አለህ፣ ስምህ ተነሳ!» አለው። ዝም ቢል ቢያንስ ግማሹ ሰፈር እንዳመነው ይቀር ነበር። አባቴ ግን በሶማልኛ «የለም ወንድሜ፣ ፊልሙ እንደዚያ አላለም። እሷ ለጉርብትና ብላ የጨመረችው ነው» አለ።

ሴትዮዋ ተቆጣች። «እኔ የተረጎምኩት ሰውዬውን ነው እንጂ ፊልሙን አይደለም!» አለች። ሁሉም ሳቀባት። እኔ ለመሳቅ እንኳን አልቆምኩም፤ ከአባቴ ጋር እንዳልታይ ቀድሜ ወደ ቤት ሄድኩ። ዘግይቶ ገባና ሸሚዙን አውልቆ አየው። «ብዙም አልቆሸሸም» ብሎ መልሶ ሰቀለው። ያን ታሪክ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላወራም። ስንት ጊዜ ይቁምልኝ ብዬ የተመኘሁት ወሬ ቆመ፣ ቤታችንም ጭር አለ።

አባቴ ሲሞት ሴትዮዋ ለቅሶ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አልቅሳ ሲወጣላት «አባትሽ አኮርዲዮኑን አንድ ቀን ቀድሞ ጀምሮበት አያውቅም። ያ ሰውዬ ትከሻውን እስኪይዘው ይጠብቅ ነበር» አለች።

«እሱ ነግሮሽ ነው፣ እትዬ?»

«ምን ያስነግረኛል? ገና ልጅ ሆኜ ከድሬዳዋ እንደመጣሁ እዚያ ቡና ቤት በር ላይ ለውዝ እሸጥ ነበር። አባትሽ አላወቀኝም እንጂ፤ የለውዝ ሻጭ ልጅ ማን ያስታውሳል?»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ተናግሬ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለችኝ። «ሰምተሽኛል።»

አባቴን ሳይጠይቁ ሠሩት ብዬ የፊልሙን ሰዎች ስንት ዘመን ረገምኳቸው። አኮርዲዮኑ ግን አልጋው ሥር ነበር፤ እኔም እዚያው ቤት ነበርኩ፤ «አባባ፣ እስቲ ተጫወትልኝ» ብዬው አላውቅም።

ባለፈው እሁድ ልጄ ሸሚዙን ለብሶ ሊወጣ ሲል ትከሻውን ያዝኩት። «ምነው?» አለኝ። ኮሌታውን አስተካከልኩለት።