ባለ ሦስት እግሩ ማማ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሐያት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አክስቴ፣ ይሄን ሕንፃ እዪልኝ!» አለች። የሕንፃ ንድፍ ትማራለች፤ በቀን አንድ ፎቅ ካላሳየችኝ እንቅልፍ አይወስዳትም። ይሄኛው ግን ይለያል። ረጃጅም ሕንፃዎች ቆመዋል፤ አናታቸው ላይ ደግሞ ሌላ ረጅም ፎቅ ጋደም ብሏል። «ሐሳቡ የድሮ ነው፤ ወረቀት ላይ ቀርቶ ነበር» ስትለኝ ሳቄ መጣ። ወረቀቱን አውቀዋለሁ። ለውዝ ተጠቅልሎበት ነው እጄ የገባው።

በደርግ ጊዜ ከሚሴ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። በደሴ መንገድ አውቶቡስ ሲቆም ለውዝ የሚሸጡት ሴቶች ከሶቭየት መጽሔት ገጽ እየቀደዱ ይጠቀልሉ ነበር፤ ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ጨው አያፈስም። አንድ ቀን ለውዜን ጨርሼ ጨዉን ሳራግፍ በሦስት እግር ላይ የተጋደመ ፎቅ ሥዕል አየሁ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ፣ ወጣት መሐንዲሶች ከብዙ ዘመን በፊት አስበውት ሳይሠራ እንደቀረ ይናገራል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አጥፌ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

ጊዜው ለቤታችን ጭንቅ ነበር። እናቴ ሞታለች፣ ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷል፣ እህቴ ገና ሕፃን ናት። መሬት ሲደለደል ለአባቴ የደረሰው የማሽላ ማሳ ደግሞ ሁለት ቦታ ነው፤ መሀሉ ላይ የጎረቤታችን የአያ እንድሪስ ቀጭን ቁራጭ መሬት አለች። ጥቅምት ላይ ማሽላው ሲያሽት የግሪሳ ወፍ ይወርዳል፤ በየማሳው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ሰው ያስፈልጋል። አባቴ እግሩን ያመዋል። ከአንዱ ማማ ወርዶ ሌላው ላይ እስኪወጣ ግሪሳው ጠግቦ ይሄዳል።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «ትምህርቱ ለዘንድሮ ይብቃ። አንደኛውን ማማ አንቺ ያዢ።»

«ለዘንድሮ» የተባሉ ጓደኞቼ በከርሞው ሲዳሩ አይቻለሁ። ደሜ ፈላ። ወረቀቱን አውጥቼ ፊቱ ዘረጋሁት። «ሁለቱን ማማ በአንድ ረጅም ማማ እናገናኛቸው። አንተ ላይ ለላይ እየተመላለስክ ሁለቱንም ትጠብቃለህ፤ እኔ እማራለሁ።»

አባቴ ወረቀቱን ዘቅዝቆ አየው። «ያ ረቢ! ቤት ይቆማል እንጂ ይጋደማል?»

«ይጋደማል» አልኩት።

«እሺ፣ እስከ ጁምዓ አጋድሚውና ልየው።»

ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ፣ ጥንቅሽ እያኘክሁ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር እንጨት ስጎትት ሰነበትኩ። ረጃጅም ባሕር ዛፍ አጋድሜ በልጥ አሰርኩ። ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። በሁለቱ ዳር፣ በየማሳችን፣ አንዳንድ እግር ብቻ አቆምኩለት። ወጥቼ ስረግጠው መሀሉ ሰርጉዶ ተንጣጣና ማሽላ ውስጥ ዘረገፈኝ። እዚያው ተቀምጬ ወረቀቱን አየሁት። ሦስተኛው እግር መሀል ላይ ነው። መሀሉ ደግሞ የአያ እንድሪስ ነው። እሳቸውና አባቴ በወሰን ተኳርፈው፣ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ሌላ ቃል አይጨምሩም።

በእኛ ሰፈር የመጀመሪያውን እሸት ጎረቤት ሳያቀምሱ መብላት ነውር ነበር። ሁለቱ ከተኳረፉ ወዲህ ይህም ቀርቶ ነበር። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ እሸት ማሽላ ጠብሼ፣ ትኩሱን በቅጠል ይዤ ደጃቸው ሄድኩ።

«አካም ኦልተን፣ አያ እንድሪስ፣ እንዴት ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። አባትሽ ነው የላከው?»

«የለም፣ እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

በመዳፋቸው አሽተው፣ እፍ ብለው ቃሙ። «ምን ፈልገሽ ነው?»

«አንድ እግር ማቆሚያ። ማሳዎ መሀል።»

እሸቱን ማላመጣቸውን ቀጠሉ። እኔም አልተነሳሁም፤ እምቢ ቢሉኝ በነጋታውም እመለስ ነበር።

«አባትሽ የኔንስ ወፍ ያባርራል?»

«በላይዎ እየተመላለሰ ዝም ብሎ ሊያየው ነው እንዴ?»

ያኔ ሳቁ። «ወላሂ፣ አንቺስ የዋዛ አይደለሽም። አብሽሪ፣ ጉድጓዱን እኔው እቆፍረዋለሁ።»

ከጁምዓ ሶላት መልስ ቆፈሩት። አባቴ እያነከሰ መጣ፤ ግንዱን ሁለቱ አንስተው ሲያቆሙ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በልጡ አስተሳሰር ላይ ግን መከራከር ጀመሩ፤ ክርክሩም ደስ አለኝ። በመጨረሻ አባቴ ወጣ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ ሄደ፣ ዞረ፣ ወንጭፉን አስጮኸ። ግሪሳው ከሦስቱም ማሳ ብድግ አለ።

«እንድሪስ!» ብሎ ተጣራ። «ኮቱ! ና፣ ውጣና እይ!»

ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ስወጣ ዞሬ አየሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከማሽላው በላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እያለቀስኩ ትምህርት ቤት ገባሁ።

ማማው ከአጨዳ በኋላ ፈርሶ ማገዶ ሆነ። እኔ ተምሬ የንድፍ ሥዕል አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። ሐያት ታሪኩን ስትሰማ ስልኳን አስቀምጣ «መሐንዲሶቹ ግን ያን ጊዜ ለምን ያልሠሩት ይመስልሻል?» አለችኝ። መምህሮቿ ብረቱም አቅሙም አልነበረም ይሏታል። ይሆናል፤ አልከራከርም። እኔ ግን ያንን ወረቀት ባሰብኩ ቁጥር የማዝንላቸው በሌላ ነው። እነሱ ሥዕሉ ነበራቸው፤ እኔ አያ እንድሪስ ነበሩኝ።